ለመንገደኛ ዓይን የተሰናዳች ከተማ፤ የሮም ጎብኚዎች ታሪክ

ወደ ሮም የሚሄድ እንግዳ በሁለትና በሦስት ቀን ቆይታው የሚያያቸው ነገሮች ከሞላ ጎደል የታወቁ ናቸው፤ ኮሎሲየም የተባለው ጥንታዊ የትርኢት ሜዳ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ ፓንቴዎን በመባል የሚታወቀው ባለ ጉልላት ክብ ቤተ መቅደስ፣ የትሬቪ ፏፏቴ፣ የስፔን ደረጃዎችና በየአደባባዩ የተተከሉት የግብፅ ሐውልቶች ከዝርዝሩ አይጎድሉም። እንግዳው ስለ እነዚህ ሥፍራዎች ለወዳጅ ዘመድ የሚያወራው ሁሉ የራሱ የዓይን ምስክርነት ቢመስለውም፣ በየት በኩል ገብቶ፣ የት ላይ ቆሞ፣ በምን እንደሚደነቅ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ በሊቃነ ጳጳሳት፣ በመጽሐፍ ነጋዴዎችና በአምባገነን መሪዎች ሲሰናዳ የቆየ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሮም ጎብኚዎች ታሪክ የጎብኚዎቹ ብቻ ሳይሆን ከተማዋን ለጎብኚ ያሰናዱት ሰዎች ታሪክም ነው፤ ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ በተመልካችነት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለ ፈቃዷ በተመልካች ፊት በመቆም ተደጋግማ ትገኛለች። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሮም ያደረባቸው አድናቆት ተመዝግቦ ከቆየላቸው ቀደምት እንግዶች አንዱ ራሱ የሮም ንጉሠ ነገሥት መሆኑ ነገሩን አስገራሚ ያደርገዋል። ታላቁ ቆስጠንጢኖስ መናገሻውን ወደ ቁስጥንጥንያ ካዛወረ ወዲህ ነገሥታቱ በሮም መኖር ትተው ነበርና፣ ልጁ ቆንስጣንጥዮስ ከነገሠ ከ20 ዓመት በኋላ በ357 በሚያዝያ ወር ወደ ከተማዋ ሲገባ አገባቡ የባለቤት ሳይሆን የእንግዳ ነበር። ይህ ንጉሥ ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ፍሬምናጦስ ስለ ሃይማኖቱ ይመረመር ዘንድ ወደ እስክንድርያ እንዲላክ የጠየቀው እሱ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ከሮም ጉብኝቱ ጋር በሚቀራረብ ጊዜ ሲሆን፣ ለዘመናችን የደረሰውም ቅዱስ አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ገልብጦ ስላቆየው ነው።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ አሚያኖስ ማርኬሊኖስ እንደሚተርከው፣ ንጉሡ በሠረገላ ሆኖ ሲገባ ፊቱን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳይመልስ፣ አፍንጫውን እንኳ ሳይጠርግ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር፤ ቁመቱ እጅግ አጭር ሆኖ ሳለም በረጃጅሞቹ በሮች ሥር ሲያልፍ ጎንበስ ይል ነበር። ጸሐፊው ይህን ሲጽፍ በንጉሡ እያሾፈ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁንና ከተማዋን መዞር ሲጀምር ያ ሁሉ ኩራት ይከዳዋል፤ የሕዝብ መታጠቢያዎቹ የአውራጃ ያህል ሰፍተው፣ ኮሎሲየም የሰው ዓይን ጫፉ ላይ በጭንቅ እስኪደርስ ከፍ ብሎ፣ ፓንቴዎንም ራሱን የቻለ ሰፈር አክሎ ይታየዋል፤ አንዱን አይቶ ከዚህ የሚበልጥ የለም ሲል ሌላው ይበልጥበታል። በመጨረሻ ወደ ትራያኖስ ፎረም ሲደርስ ግን ባለበት ደርቆ ቀረ። ፎረም ማለት ፍርድ ቤቱ፣ ገበያው፣ ቤተ መጻሕፍቱና ቤተ መቅደሱ ተሰብስበው የሚገኙበት የከተማ አደባባይ ሲሆን፣ ንጉሥ ትራያኖስ ያሠራው በመካከሉ በፈረስ የተቀመጠ የንጉሡ ምስል ነበረበት። ቆንስጣንጥዮስ ሌላው እንደማይሆንለት አምኖ ፈረሱን ብቻ አስመስሎ ለማሠራት እንደሚችል ሲናገር፣ አጠገቡ የነበረው ሆርሚስዳስ የተባለ ስደተኛ የፋርስ መስፍን፣ እንግዲያውስ አስቀድሞ ለፈረሱ የሚሆን እንዲህ ያለ ጋጣ ያሠራለት ዘንድ መከረው። ያው መስፍን ሮምን እንዴት አገኘሃት ተብሎ ሲጠየቅ ደስ ያሰኘው በዚያም ሰው እንደሚሞት ማወቁ ብቻ መሆኑን መልሷል ይባላል። ከዚያ ወዲህ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ስለ ሮም ከተጻፈው የመንገደኛ ጽሑፍ ውስጥ ብዙው ወይ የንጉሡን ወይ የመስፍኑን ዜማ የያዘ ሲሆን፣ የመስፍኑ ደቀ መዛሙርት ጽሑፍ ለንባብ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

ንጉሡ ከአንድ ወር ቆይታ በኋላ የጠረፍ ጦርነት ጠርቶት ቢሄድም፣ በከተማዋ ውበት ላይ የራሱን ድርሻ ለመጨመር ከላይኛው ግብፅ ከካርናክ ቤተ መቅደስ የተነሣ አንድ ኦቤሊስክ አስመጥቶ በሰርከስ ማክሲመስ፣ ማለትም የፈረስ ሠረገላ ውድድር በሚካሄድበት ረጅም ሸለቆ ውስጥ አስተከለ። ኦቤሊስክ የሚባለው የጥንት ግብፃውያን ለፀሐይ አምላክ ያቆሙት የነበረ፣ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍሎ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድና ጫፉ የሚሾል ባለ አራት ማዕዘን ሐውልት ነው። 32 ሜትር ቁመት ያለው ይህ ሐውልት በሮም ከቆሙት ሁሉ ረጅሙ ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን ወድቆ ተሰባብሮ በአፈር ተሸፍኖ ቆይቶ ዛሬ በላተራን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይገኛል። ሥፍራውን የለወጠበት ምክንያት ወደ ታች ይነገራል።

የምዕራቡ የሮም መንግሥት ከወደቀ በኋላ የከተማዋ ሕዝብ ከሚሊዮን ወደ ጥቂት አሥር ሺዎች ወርዶ፣ ፎረሙ የከብት መሰማሪያ ሆነ። እንግዶች መምጣታቸውን ግን አላቋረጡም፤ የሚመጡት ለሐዋርያቱ ለጴጥሮስና ለጳውሎስ መቃብር ሲሆን፣ አረማዊ የሚባለውን ፍርስራሽ የሚያዩት በመንገዳቸው ላይ ስለሚገኝ ነበር። በስዊዘርላንድ በአይንዚደልን ገዳም የተገኘ የ9ኛው ክፍለ ዘመን የብራና ጽሑፍ ከአንዱ የከተማ በር ተነሥቶ ወደ ሌላው ለሚያቋርጥ ተሳላሚ በቀኝ ይህ አለ፣ በግራ ያ አለ እያለ በሁለት ዓምድ ይዘረዝራል፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ ከሚታየው የመንገድ መሪ የሚለየው በመሣሪያው እንጂ በአሳቡ አይደለም። በ1140ዎቹ ገደማ የተዘጋጀው የሮም ድንቆች የተባለው የላቲን መጽሐፍ ደግሞ በዝርዝሩ ላይ ተረት ጨመረበት። በቫቲካን በኩል የቆመው ኦቤሊስክ ጫፍ ላይ ባለችው የነሐስ ኳስ ውስጥ የዩልዮስ ቄሣር አመድ እንደሚገኝ የተጻፈው በዚህ መጽሐፍ ነው፤ ወሬው የበሬ ወለደ ቢሆንም፣ መንገደኛው አንገቱን ቀና አድርጎ ኳሷን ሳያይ እንዳያልፍ ያደረገው እሱ ነው።

ከእነዚህ ዘመናት ተጓዦች ሁሉ ለዛሬው አንባቢ የሚቀርበው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ13ኛው መጀመሪያ የኖረው መምህር ጎርጎርዮስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው ስለ ቅዱሳን አፅም ብዙም የሚለው የለውም፤ ዓይኑ ያረፈው በእምነበረድና በነሐስ ላይ ነው። ከእምነበረድ ተቀርጻ ሕይወት ያላት እስክትመስል የተዋበች የቬኑስ ምስል አይቶ፣ ማረፊያው ሩቅ ቢሆንም አስማት እንደሳበው ሁሉ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ እንዳያት ሳያፍር ጽፏል። በላተራን አደባባይ የቆመውን በፈረስ የተቀመጠ የነሐስ ንጉሥ በሚመለከትም፣ ተሳላሚዎቹ ቴዎዶሪክ ነው፣ የሮም ሕዝብ ቆስጠንጢኖስ ነው፣ የጳጳሱ ቤት ካህናት ደግሞ ማርቆስ ወይም ኩዊንቱስ ነው እንደሚሉ መዝግቦ የተሳላሚውን ወሬ አጣጥሎ ያልፋል። አንድ ሐውልት በአንድ አደባባይ ላይ በአንድ ጊዜ ሦስት ስም ሲኖረው ማየት፣ ከማንኛውም ትንተና ይልቅ የጉብኝት ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። ሐውልቱ በእርግጥ የንጉሡ የማርቆስ አውሬልዮስ ሲሆን፣ ሌሎቹ የነሐስ ነገሥታት እየቀለጡ ሳንቲምና ደወል ሲሆኑ እሱ የተረፈው የመጀመሪያው ክርስቲያን ንጉሥ የቆስጠንጢኖስ ምስል ነው ተብሎ በመታመኑ መሆኑን ሊቃውንት ይስማሙበታል። በ1538 ወደ ካፒቶሊን ኮረብታ ተዛውሮ ማይክል አንጄሎ አደባባዩን በዙሪያው ነድፎለታል፤ ዛሬ በአደባባዩ የሚታየው ግልባጩ ሲሆን ዋናው በሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

የጉብኝቱን መጠን የለወጠው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስ 8ኛ በ1300 ያወጁት የመጀመሪያው ኢዮቤልዩ ነው። ኢዮቤልዩ የኃጢአት ቅጣት ሥርየት የሚሰጥበት ዓመት ሲሆን፣ ሥርየቱን ለማግኘት የሮም ነዋሪ 30 ቀን፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ 15 ቀን የጴጥሮስንና የጳውሎስን ቤተ ክርስቲያን መሳለም ነበረበት። የሕዝቡ ብዛት ከመጠን ሲያልፍ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ በሚወስደው በቅዱስ መልአክ ድልድይ ላይ ሂያጁ በአንድ በኩል፣ ተመላሹ በሌላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ ዳንቴ በሲኦል ቅኔው ውስጥ የኃጢአተኞችን ሰልፍ ለማስረዳት ይህንኑ የድልድይ ሥርዓት ይጠቅሳል። ከ150 ዓመት በኋላ በ1450 ኢዮቤልዩ በዚያው ድልድይ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ከመቶ በላይ ሰዎች ተረጋግጠውና ወንዝ ገብተው ሞቱ፤ ከዚያም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒኮላስ 5ኛ የድልድዩን መግቢያ ያጠበቡትን ቤቶች አስነሥተው ለሙታኑ መታሰቢያ ሁለት ትናንሽ ጸሎት ቤቶች አሠሩ። ለእንግዳ ሲባል ከተማ ማፍረስ በሮም የተጀመረው በፋሽስቶች ዘመን አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ኢትዮጵያውያን በዚህ የተሳላሚ ጎርፍ ውስጥ ቦታቸውን የያዙት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1441 በኢየሩሳሌም የሚገኘው የኢትዮጵያውያን ገዳም አበምኔት ኒቆዲሞስ የላኳቸው መነኮሳት ከግብፃውያን ጋር ሆነው በፍሎረንስ ጉባኤ ከተገኙ በኋላ ሮምን ተሳልመዋል፤ የምሥራቅ መልእክተኞቹ ወደ ከተማዋ ሲገቡ የሚያሳይ ቅርጽም ፊላሬቴ የተባለው ባለሙያ በ1445 በጨረሰው የቅዱስ ጴጥሮስ የነሐስ በር ላይ ይታያል። አሮጌው ባዚሊካ ፈርሶ አዲሱ ሲሠራ በሩ ተነሥቶ በአዲሱ ላይ ስለተገጠመ፣ በመካከለኛው በር ፊት የሚቆም የዛሬ ጎብኚ ከ580 ዓመት በፊት የመጡ ጎብኚዎችን ያያል። ብዙዎቹ ግን ዓይናቸው ወደ ውስጥ ስለሚቸኩል በሩን እንደ በር ብቻ አይተው ያልፉታል። ሲክስተስ 4ኛ በ1479 ከባዚሊካው ጀርባ የሚገኘውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ከሰጧቸው በኋላ፣ ከኢየሩሳሌም በእግርና በመርከብ ለሚመጣው ሐበሻ ማረፊያ፣ ለአውሮፓ ሊቃውንት ደግሞ የግዕዝ ትምህርት ቤት ሆነ።

በዚህ ሥፍራ የሆነው ነገር የችኩል መንገደኛ ግምት ምን ያህል ሊሳሳትና በስሕተቱም ፍሬ ሊያፈራ እንደሚችል ያሳያል። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ቄስ በሮም ሳለ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲያዜሙ ሰምቶ የሚያዜሙበትን ቋንቋ የከለዳውያን ነው ብሎ ደመደመ፤ ከእነሱ ዘንድ ተምሮም በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በዚያው የስሕተት ስም አሳተመ። ይህ በማተሚያ መሣሪያ የታተመ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ከዚያም የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በሮም አሳተሙ፤ ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስም በ1649 ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በዚያው ቤት ተገናኝተው በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሠረት እንዲጣል አደረጉ። እነዚህ ሊቃውንት ስለ ኮሎሲየም ምን እንዳሉ ማወቅ በተቻለ ኖሮ፣ ከብዙ የእንግሊዝ መኳንንት ማስታወሻ ይልቅ ለአማርኛ አንባቢ በጣፈጠ ነበር።

መንገደኛው በሮም ጎዳናዎች ላይ ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል በዕቅድ የወሰኑት ግን ከ1585 እስከ 1590 የገዙት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስተስ 5ኛ ናቸው። ተሳላሚው ከአንዱ ዋና ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ሲሄድ እንዳይጠፋ በኮረብታዎቹ ላይ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችን አስቀደዱ፤ በየጎዳናው መጨረሻም ከሩቅ የሚታይ ምልክት ይሆን ዘንድ የወደቁትን ኦቤሊስኮች እያስነሡ መስቀል አስደረጉባቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳይወድቅ የቆየው የቫቲካኑ ነበር፤ እሱን ከባዚሊካው ጎን ወደ ፊት ለፊቱ ለማዛወር መሐንዲሱ ዶሜኒኮ ፎንታና በ1586 ከ300 ቶን በላይ የሚመዝነውን ድንጋይ በእንጨት አጥሮ በገመድ አስሮ፣ ፈረሶች በሚያዞሯቸው 40 በሚያህሉ የገመድ መጠቅለያዎችና ወደ 900 በሚጠጉ ሰዎች አስተኝቶ፣ በተደላደለ አፈር ላይ አንሸራትቶ፣ በመስከረም 10 ቀን እንደገና አቆመው። የነሐስ ኳሷ ወርዳ ስትመረመር የቄሣር አመድ የሚባል ነገር አልተገኘባትም፤ ለ400 ዓመት ተሳላሚውን አንገት ያስቀና ወሬ በዚህ አበቃ። የቆንስጣንጥዮስ ሐውልትም ከሰርከስ ማክሲመስ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ሦስት ቦታ የተሰበረው ተገጣጥሞ በ1588 በላተራን የቆመው በዚሁ ዘመቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የግራንድ ቱር ዘመን ብዙ የተጻፈበት ስለሆነ ባጭሩ ማለፍ ይበቃል። ግራንድ ቱር በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝና የሌላውም የሰሜን አውሮፓ ባላባት ልጅ ትምህርቱን ለመጨረስ ከሞግዚት መምህሩ ጋር ወደ ኢጣሊያ የሚያደርገው ረጅም ጉዞ ነው። እነዚህ ወጣቶች በስፔን አደባባይ ዙሪያ ሰፍረው የፒራኔዚን የሥዕል ኅትመቶች እየገዙ ይመለሱ ነበር፤ ፒራኔዚ ፍርስራሾቹን ከአካላቸው አግዝፎ፣ ሰዎቹን ደግሞ እንደ ጉንዳን አሳንሶ ስለሚቀርጽ፣ ሥዕሉን ቤቱ አይቶ የመጣ እንግዳ እውነተኛው ድንጋይ ያንስበት ነበር፤ ገጣሚው ጎተ ሳይቀር ይህ ደርሶበታል። ኮሎሲየምን በጨረቃ ማየት የግድ የሆነውም ጎተና ባይረን ከጻፉለት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሕንፃው በሣርና በሐረግ የተሸፈነ ሲሆን፣ ሪቻርድ ዲከን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ በግድግዳዎቹ ላይ የበቀሉ 420 ዓይነት ዕፀዋትን መዝግቧል። ከ1870 በኋላ አዲሱ የኢጣሊያ መንግሥት ለቁፋሮና ለጥበቃ ሲል ተክሉን አስነቅሎ ሕንፃውን ራቁቱን ሲያስቀረው፣ የድሮውን የሚያውቁ ጎብኚዎች ሮም ተበላሸች ብለው አዘኑ፤ የዛሬው ጎብኚ ግን ያንን የተላጨ ድንጋይ ጥንታዊ መልኩ አድርጎ ነው የሚቀበለው።

የባቡር ሐዲድ ሲመጣ ጉዞው ከባላባት ወደ መካከለኛው ሰው ወረደ፤ ቶማስ ኩክ የመጀመሪያዎቹን ማኅበርተኛ መንገደኞች በ1864 ወደ ኢጣሊያ ሲያመጣ፣ የቤዴከር ቀይ የመንገድ መሪ መጽሐፍ ደግሞ የግድ መታየት ያለበትን ሁሉ በኮከብ ምልክት ለየው። ኮከብ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ወዲህ ጸሎተኛ እንጂ ጎብኚ አላገኘም። ጥንታዊ የሚመስሉ ልማዶችም በዚሁ ጊዜ ተፈጠሩ፤ በ1762 በተጠናቀቀው የትሬቪ ፏፏቴ ዘንድ የቀድሞው ልማድ ከሮም ከመውጣት በፊት ውኃውን መጠጣት ሲሆን፣ ጀርባን ሰጥቶ ሳንቲም መወርወር የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዓለም የታወቀውም በ1954 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ነው። ሳንቲሙ እየተለቀመ ለካቶሊካዊው የበጎ አድራጎት ድርጅት ለካሪታስ መዋሉ ቢያንስ ለልማዱ አንድ ቁም ነገር ሰጥቶታል።

በባቡር የመጣውን እንግዳ መጀመሪያ የሚቀበለው አደባባይ ግን ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነው። ራስ አሉላ በጥር 1887 በዶጋሊ 500 ያህል ወታደር የነበረውን የኢጣሊያ ጦር ከደመሰሱ በኋላ፣ የሮም ሹማምንት ከጥቂት ዓመታት በፊት በቁፋሮ የተገኘ የዳግማዊ ራምሴስ ኦቤሊስክ የሟቾቹ መታሰቢያ አድርገው በዚያው ዓመት በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አቆሙት። ጣቢያው ፊት ያለው ሜዳ እስከ ዛሬ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ በየቀኑ ሻንጣውን እየጎተተ የሚያቋርጠው አእላፍ መንገደኛ እነማን አምስት መቶ እንደሆኑ ሲጠይቅ አይሰማም። ደጃዝማች መኰንን የአፄ ምኒልክን መልእክት ይዘው በ1889 ወደ ሮም ሲገቡ መታሰቢያው ከቆመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍስሐ ጊዮርጊስ ዓብየ እዝጊ ወደ ኢጣሊያ ያደረገውን ጉዞ በትግርኛ ጽፎ በ1895 በዚያችው በሮም አሳተመ፤ ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1924 አውሮፓን ሲጎበኙ ሮም ደርሰው ከንጉሡ፣ ከሙሶሊኒና ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዩስ 11ኛ ጋር የተገናኙበትን ጉዞም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደስታና ክብር በተባለው መጽሐፋቸው አቆይተውታል። የዶጋሊው ኦቤሊስክ በዚያው በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ አቅራቢያው የአትክልት ሥፍራ ተገፍቷል።

ሙሶሊኒ ሮምን ለተመልካች ሲያሰናዳ የሲክስተስ 5ኛን ዘዴ ወስዶ መስቀሉን በጦር ኃይል ተካው። በ1932 የተከፈተው የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ጎዳና ከቬኔዚያ አደባባይ እስከ ኮሎሲየም ቀጥ ብሎ እንዲታይ ሲባል አንድ ኮረብታ ተንዶ፣ የመካከለኛው ዘመን ሰፈር ከነነዋሪው ተነሥቶ፣ የጥንቶቹ ፎረሞች ግማሽ አካል በአስፋልት ሥር ተቀበረ። የዛሬው ጎብኚ ኮሎሲየምን ከሩቅ ፎቶግራፍ የሚያነሣበት ያ ታዋቂ እይታ ከዚህ በፊት አልነበረም። በጎዳናው ግድግዳ ላይ የሮምን ግዛት እድገት የሚያሳዩ የእምነበረድ ካርታዎች የተለጠፉ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ አዲሱን ግዛት የሚያሳይ አምስተኛ ካርታ ተጨመረ፤ ከጦርነቱ በኋላ የተነሣው ይህ ብቻ ነው። የይሁዳ አንበሳ ምስል ከአዲስ አበባ ተወስዶ በዶጋሊው መታሰቢያ አጠገብ ቆመ፤ በ1938 ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን መዞ ተቃውሞውን ያሳየው በዚህ ሥፍራ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ታስሮ ሳይፈታ በ1945 አረፈ። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ አገሩ ተመልሷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምርኮ የአክሱም ሐውልት ነበር። 24 ሜትር ቁመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ይህ ሐውልት በአክሱም ወድቆ ተሰባብሮ የኖረ ሲሆን፣ ወደ ወደብ ተጓጉዞ በመርከብ ከተወሰደ በኋላ ፋሽስቶች ሥልጣን የያዙበት 15ኛ ዓመት ሲከበር በጥቅምት 1937 በሰርከስ ማክሲመስ ጫፍ፣ ለኢጣሊያ አፍሪካ ሚኒስቴር በተመደበው ቦታ ፊት ለፊት ተተከለ። ቆንስጣንጥዮስ ኦቤሊስኩን ያቆመው በዚያው ሸለቆ ውስጥ መሆኑ ሲታሰብ፣ ለኢዛና ደብዳቤ የጻፈው ንጉሥ ሥራና የኢዛና ከተማ ቅርስ በ1580 ዓመት ልዩነት በአንድ ሜዳ መገኘታቸው ከአጋጣሚ ሁሉ እንግዳው ነው። የአክሱሙ ግን ከግብፆቹ ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከሥሩ መዝጊያ ያለው የሚመስል የድንጋይ በር፣ ከበሩ በላይ ደርብ በደርብ የተደረደሩ መስኮቶች፣ በየደርቡ መካከልም የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት ክብ የወራጅ እንጨት ጫፎች ተቀርጸውበት ፎቅ ቤት መስሎ ይታያል። ግንቦት 3 ቀን 1938 ሂትለር ለእሱ ሲባል በተሠራው የኦስቲየንሴ ጣቢያ በሌሊት ወርዶ በመብራት ባሸበረቀው ጎዳና ሲነዳ፣ መንገዱ ሆን ተብሎ በሐውልቱ አጠገብ አልፎ ወደ ኮሎሲየም የሚወስድ ነበር። በዚያ ፍጥነት የተመለከተው እንግዳ በሩንና መስኮቶቹን ለይቶ አይቷል ማለት አይቻልም፤ እንዲያይ የተፈለገውም ድል እንጂ የአክሱምን ጠራቢዎች ጥበብ አልነበረም።

በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ቢያስገድድም ሐውልቱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ሚኒስቴሩ እንዲገባበት የተጀመረው ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት መቀመጫ ሆኖ፣ ጎብኚዎችም ሐውልቱን ከሌሎቹ የጥንት ድንጋዮች እንደ አንዱ ይቆጥሩት ጀመር። የ1960 ኦሊምፒክ አዘጋጆች ማራቶኑ የከተማዋን ታሪካዊ ሥፍራዎች ለዓለም እንዲያሳይ ብለው ከስታዲየም አውጥተው ከካፒቶሊን ኮረብታ አስነሥተው በቆስጠንጢኖስ የድል በር አጠገብ እንዲያበቃ ሲያደርጉ፣ የመጨረሻው ክፍል በአክሱም ሐውልት ሥር የሚያልፍ ሆነ። መስከረም 10 ቀን ምሽት፣ መንገዱ በችቦ በተበራበት ሰዓት፣ በባዶ እግሩ ይሮጥ የነበረው አበበ ቢቂላ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን መጥቶ እዚህ ቦታ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ ጥሎት ሄደ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድም አሸነፈ። ጥንታዊቷን ሮም ለማሳየት በተነደፈ መንገድ ላይ ዓለም ያየው አንድ የኢትዮጵያ የክብር ዘበኛ ወታደር መሆኑን አዘጋጆቹ አስቀድመው ሊገምቱ አይችሉም ነበር።

ሐውልቱ በ2002 መብረቅ መትቶት ከተጎዳ በኋላ በ2003 ተነቃቅሎ፣ በሚያዝያ 2005 በሦስት በረራ ወደ አክሱም ተመለሰ፤ በመስከረም 2008፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሌኒየሙ ዓመት ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሥራው ተጠናቅቆ በይፋ ተመረቀ። በሮም የነበረበት ሥፍራ ብዙም ባዶ ሆኖ አልቆየም፤ በ2009 የከተማዋ አስተዳደር በኒው ዮርክ በመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ተከለበት።